ማርሚታዬን ላስቆርጠው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከለገጣፎ መገናኛ በየቀኑ የምመላለስባት የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፣ ሞተሯ 1000 ሲሲ ነው። በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር፣ ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን 10 መድረስ አቅቷታል። ሰፈራችን ያለ አንድ በያጅ ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ አውጥቶ ሰፊ ቀጥ ያለ ቱቦ ልግጠምልህ፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ደግሞ በነፃ ላንሳልህ አለኝ። ሞተሩ እንደ ልቡ ሲተነፍስ ነዳጅ ይቆጥባል ይላል። ላስደርገው? ረስቼው፣ ጠዋት ሳስነሳት ትክ ትክ የሚል ድምፅ አላት፣ ስትሞቅ ይቀንሳል።

መልስ፦ ቆይ፣ እንዳታስደርገው! መልሱ ያለው መጨረሻ ላይ "ረስቼው" ብለህ ጣል ያደረግካት ትክ ትክ ላይ ይመስለኛል። መጀመሪያ ግን የቱቦውን ነገር እንጨርስ።

በያጁ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ሰፊ ቱቦ የሚጠቅመው ግን ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ሞተሩ ሲጮህ ነው፣ ያኔ የሚወጣው ጭስ ብዙ ስለሆነ ጠባብ ቱቦ ያንቀዋል። አንተ ከለገጣፎ መገናኛ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅክ ነው የምትሄደው። በዚህ አነዳድ የአየር መግቢያው ክዳን ገርበብ ያለ ነው፣ ሞተሩም የሚታገለው አየር ለመሳብ ነው እንጂ ጭስ ለማውጣት አይደለም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሞተርህ የሚስበውም የሚያወጣውም ያንሳል፣ ፋብሪካው የገጠመው ቱቦ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው።

እኔ ራሴ ተሞኝቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት ቃሊቲ ስኖር የነበረችኝን ቶዮታ ዲኤክስ ማርሚታዋን አስቆርጬ ቱቦ አስበየድኩባት። ነካ ሳደርጋት ስታጓራ ጉልበት የጨመረች መሰለኝ። የግቢው ዘበኛ ገና ከአስፋልቱ ስታጠፍ ሰምቶኝ በሩን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር፣ የጎረቤቴ ሕፃን ግን እንቅልፍ አጣ። አንድ ወር ሙሉ ፉል እያስሞላሁ ስመዘግብ ፍጆታዋ ጭራሽ ጨምሮ አገኘሁት። ጥፋቱ የቱቦው አልነበረም፣ የእግሬ ነው፤ ድምፁን ለመስማት ስል ያለ ነገሩ እረግጥ ነበር። ማርሚታ ገዝቼ መለስኩ።

አሁን ወደ ትክ ትኳ። ጠዋት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጎልቶ ሲሞቅ የሚቀንስ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት፣ ከማኒፎልዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወይ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ወይ ብረቱ ተሰንጥቋል። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይጠባል፣ ግን ሁልጊዜ ጨርሶ አይዘጋም። በዚያች ክፍተት ጭስ መውጣቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ በጭሱ ግፊቶች መሃል የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ያንን አየር ሲያገኝ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል። ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም አምኖ ነዳጅ ይጨምራል። እንዲህ ነው በማታያት ቀዳዳ ገንዘብህ የሚፈሰው።

ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ክፈት። ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ ፈልግ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ አድርግ፣ ሌላ ሰው ያስነሳልህ። በሌላኛው ጫፍ የማኒፎልዱን ዙሪያ ሳትነካው አዳምጥ፣ ማራገቢያና ቺንጋ ካለበትም ራቅ። የሚያፈስበት ቦታ ላይ ድምፁ ጆሮህን ይመታዋል። ጥቁር የጥላሸት መስመር ካየህ ደግሞ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግህም። እግረ መንገድህን የሞተር ዘይትህን ለካ፣ ዘይት ሲያንስም ሞተር ትክ ትክ ይላል። ማፍሰሱ ከተረጋገጠ ደግሞ እስክታሠራው መስኮት ጥርቅም አድርገህ አትንዳ፣ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው፣ ሽታም የለውም።

ማፍሰስ ከሌለ ሴንሰሩን አስመርምር፣ እሱም ያረጃል። የጎማ ንፋስም እይ።

ካታሊስቱ? በውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለ፣ "በነፃ" የሚነሳልህም ለዚህ ነው ወንድሜ። ሲወጣ መርዛማው ጭስ ሳይጣራ ይለቀቃል፣ ከኋላው ሴንሰር ካለ ደግሞ የሞተር መብራቷ በርታ ትቀራለች። በእርግጥ የተደፈነ ካታሊስት ነዳጅ ይበላል፣ ያኔ ግን መኪናዋ ዳገት ላይ ትልፈሰፈሳለች፣ ፍጥነት አልጨምር ትላለች። አንተ እንደዚያ አላልክም።

ካስጠገንካት በኋላ አንድ ማደያ ላይ ሁለቴ ፉል አስሞላ። መሃል ላይ የሄድከውን ኪሎ ሜትር ሁለተኛው ላይ ለገባው ሊትር አካፍል። የነዳጅ ጌጁን አትመን።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አለህ፣ የምጽፍልህ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመኪናዬ ጭስ ማውጫ ውሃ ይንጠባጠባል። ማርሚታው ሥር ትንሽ ቀዳዳም አየሁ። አስበይጂው፣ ነዳጅ የሚበላብሽ እሱ ነው አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃው ጤና ነው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር የማይሞላ ግን ወደዚያ የሚጠጋ ውሃ ይፈጥራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ አናየውም። ቅዝቃዜ ላይ ግን ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። መኪናዋ ከቤት እስከ ሱቅ ብቻ የምትሄድ ከሆነ ሳይደርቅ ይቀርና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ ንጂያት።

ቀዳዳዋ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭንና ክብ ከሆነች ፋብሪካው ራሱ ለውሃ ማውጫ የተዋት ልትሆን ትችላለች፣ ብዙ ማርሚታ ላይ አለች። ከሴንሰሩ በኋላ ስለሆነች ነዳጅሽን አትነካም፣ አታስበይጃት። ዳሯ የተቦጫጨቀና ዝገት የሚራገፍ ከሆነ ግን ማርሚታው አልቋል፣ ሌላ ግዢ።