«ጎሚስታ ቤት ወስጄ ባስነፋውስ?» የድሬን አቧራ ከዴስክቶፕ ውስጥ ስለማውጣት

ጥያቄ፦ ሳቢያን ሰፈር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። የምሠራበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፕ ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት ሲሆን ፋኑ ይጮሃል፣ ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጎኑን ከፍቼ ቬንትሌተር ባዞርበትም አልተሻለውም። ጎረቤቶቼ ጎሚስታ ቤት ወስደሽ በኮምፕሬሰር አስነፊው ይሉኛል። ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትውሰጂው። የዘረዘርሻቸው ምልክቶች አቧራን ነው የሚያሳዩት፤ አቧራውን ደግሞ እዚያው ሱቅሽ በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ ሆነሽ በአንድ ሰዓት ታወጪዋለሽ።

መጀመሪያ ለምን ከሰዓት ላይ ብቻ እንደሚያምርር ልንገርሽ። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየሩን አያበርደውም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ) ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም። ንጹሕ ማሽን ሥራ ሲበዛበት ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። ጠዋት ክፍሉ 24 ቢሆን ፕሮሰሰሩ 64 ላይ ነው፤ በሰኔ ከሰዓት ክፍሉ 36 ሲደርስ 76 ይሆናል፣ ይህን ይችለዋል። አቧራ መተላለፊያውን ሲዘጋው ግን ያ ልዩነት 60 ይደርሳል። ያኔ የጠዋቱ 84፣ የከሰዓቱ 96 ይሆናል ማለት ነው። አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ የምታዪው መንቀርፈፍ እሱ ነው። ያም ካልበቃ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ሐረር ላይ ያለ ተመሳሳይ ማሽን ይህን ያህል አቧራ ይዞም ሊሠራ ይችላል፤ ከተማው ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ክፍሉ በራሱ ቀዝቀዝ ይላል። ድሬ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም።

ሳትከፍቺው ሙቀቱን ለኪ። ኮር ቴምፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ዝም ብሎ በርቶ ሳለና ሥራ ሲበዛበት የሚያሳየውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊው፣ በኋላ ታወዳድሪበታለሽ። ማሽኑ የሚጠፋው ጠዋት በቀዝቃዛውም ከሆነ፣ ወይም መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ከሆነ፣ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ በሚስማማ መልክ የሚቀይረው ሳጥን) ወይም የላላ ዲቫይደር ሊሆን ይችላል፤ ጽዳት አይፈታውም።

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ታንኩ ሥር ይጠራቀማል፣ ከፒስተኑ የሚያመልጥ ዘይትም ይቀላቀለዋል፤ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ላይ የሚረጨው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ታንኩ እስከ 8 ባር ይይዛል። በዚያ ግፊት የተመታ ፋን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ይሽከረከርና ቡሽው (የፋኑ ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ይበላል፤ እንደ ትንሽ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊመልስም ይችላል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ኃይለኛ አየር አቧራውን ወደ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) መሰኪያዎችና ወደ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ይገፋዋል፣ ከዚያ ማውጣቱ ይብሳል።

ጎኑን ከፍቶ ቬንትሌተር ማዞርም ቢሆን መፍትሔ መስሎ ችግሩን ያፋጥናል። ሳጥኑ ሲዘጋ አየር ከፊት ገብቶ በፕሮሰሰሩ ላይ አልፎ በኋላ ይወጣል። ሲከፈት ያ መስመር ይጠፋል፣ ቬንትሌተሩ ደግሞ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ቀጥታ ይግትበታል። ዛሬውኑ ዝጊው።

የሚያስፈልግሽ ዕቃ ጥቂት ነው፦ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ 1 ኢንች የሆነ አዲስ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ስቴኪኒ፣ የአፍ ማስክ፣ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ብሎወር። ብሎወሩን ከኮምፒውተር ጥገና ሱቅ መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል። የቤት ቫኪዩም ክሊነር አፉን ወደ ቦርዱ አታስጠጊ፤ ደረቅ አየር በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲሮጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በብሩሹ እያራገፉ ቫኪዩሙን ራቅ አድርጎ የሚበነውን ማስወሰድ ግን ይቻላል።

ፋይሎችሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ። ማሽኑን በደንብ አጥፊ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ተጭነሽ ቆዪ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ሃርድ ዲስኩ እስኪቆምና ብረቱ እስኪበርድ 10 ደቂቃ ጠብቂ። ናይለን ልብስ አውልቂ፣ ምንጣፍ ላይ አትቁሚ፣ ሥራውን ስትጀምሪና በየመሐሉ ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ንኪ። በበጋ የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ስታቲኩ ይበረታል፤ ለጣትሽ የማይሰማሽ ብልጭታ ራም ሊያቃጥል ይችላል። የትኛው ገመድ የት እንደገባ በስልክሽ ፎቶ አንሺ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለ ብዙ ክንፍ ብረት ሂትሲንክ ይባላል፣ ፋኑ በላዩ ወይም በፊቱ ታስሯል፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ መሸፈኛም አለው። ከላይ ስታዪው ንጹሕ ሊመስልሽ ይችላል። ፋኑን አንሥተሽ ከሥሩ ብታዪ ግን በፋኑና በክንፎቹ መካከል ግራጫ ብርድ ልብስ የመሰለ ድፍን አቧራ ታገኛለሽ። ሱቅ ውስጥ ቡና የሚፈላና ዕጣን የሚጨስ ከሆነ ጭሱ አቧራውን ያጣብቀዋል፣ በነፋስ ብቻ አይነሣም። ለዚህ ነው ከውጭ ሆነው የነፉት ማሽን በሳምንቱ መልሶ የሚግለው።

ፋኑ ለብቻው በብሎን የታሰረ ከሆነ ገመዱን ከፕላስቲኩ ይዘሽ (ሽቦውን ሳትጎትቺ) ንቀዪና ብሎኖቹን ፍቺ። ያንን ድፍን አቧራ በጣትሽና በስቴኪኒ ጫፍ ከዳር ጀምረሽ ላጪው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁራጭ ይነሣል። ቀጥሎ ክንፎቹን በብሩሹ ከላይ ወደ ታች፣ በክንፎቹ አቅጣጫ ጥረጊ፤ በአግድም ከተጠረጉ ይጣመማሉ። የፋኑን ምላሶች በጣት ያዢና ሁለቱንም ፊታቸውን ጥረጊ። ብሎወሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ፣ ፋኖቹን በስቴኪኒ አግደሽ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ በአጭር በአጭሩ ንፊ። ማዘርቦርዱን በብሩሹ ቀለል አድርጎ ማራገፍ ይበቃዋል። የፊት ለፊቱን የአየር መግቢያ አትርሺ፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ነቅለሽ በሳሙና ልታጥቢው ትችያለሽ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን አትመልሺው።

ሂትሲንኩን ራሱን ከፕሮሰሰሩ ላይ አታንሺ፣ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሐል ሙቀት የሚያሻግር ቅባት) በእጅሽ ከሌለ በስተቀር። አንዴ ከተነሣ አሮጌው ፔስት ዳግም አይሠራም። ፋኑና ሂትሲንኩ አንድ ላይ ሆነው ማንሣት ግድ ከሆነ አራቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ጥቂት በጥቂት አላሊ፣ አሮጌውን ፔስት ከሁለቱም ፊት በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አጽጂ፣ በፕሮሰሰሩ መሐል የምስር ክክ የሚያህል አዲስ ፔስት አኑሪ፣ በመስቀለኛ አጥብቂ። የመድኃኒት ቤቱ 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ቦርድ ላይ አይነካ። ቤንዚንም አይሆንም፤ ፕላስቲክ ያበላሻል፣ እሳትም ያስነሣል።

ፓወር ሰፕላዩን በፍጹም አትክፈቺ። የእኛ 220 ቮልት ውስጡ ሲገባ ወደ 310 ቮልት ይሆንና ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ውስጥ ይቀመጣል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል። ፋኑን በስቴኪኒ አግደሽ ከውጭ በፍርግርጉ በኩል ንፊው፣ ያ ይበቃል።

ስትገጥሚ ገመድ የፋን ምላስ እንዳይነካ እዪ። ስታበሪው ስክሪኑ ባዶ ሆኖ የማብሪያው ቁልፍ መብራት ብርቱካናማ ብልጭ ድርግም ካለ ራም ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ አጥፍተሽ፣ ገመዱን ነቅለሽ፣ ራሙን አውጥተሽ የወርቅማውን ጠርዝ በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ ፍቂ፣ ፍርፋሪውን አራግፊ፣ «ቋ» እስኪል ጫኚው። ፋን አልተገኘም ካለ ገመዱን ረስተሻል። ዴል መክደኛው ተነሥቶ ነበር ብሎ ቢያስጠነቅቅሽ አትደንግጪ፣ ኤፍ1 ተጫኚና ይቀጥላል። ሰዓቱ በየጊዜው የሚዛባ ከነበረ ሲአር2032 ባትሪውን እግረ መንገድሽን ቀይሪው።

ማሽኑን ከወለል ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊ፣ ጀርባውን ከግድግዳ 15 ሳንቲ ሜትር አርቂ። የፎቶ ኮፒው የአየር መውጫ ወደ እሱ አይዙር፤ ቶነር (የፎቶ ኮፒው የቀለም ዱቄት) ከመንገድ አቧራ የደቀቀ ነው። ቶነር ሲደፋብሽ በቀዝቃዛ ውሃ ጥረጊው፣ በሙቅ ይጣበቃል። ዳንቴል የምታለብሺው ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ብቻ ይሁን። እንደ አንቺ ላለ በሩ ወደ መንገድ ለሚከፈት ሱቅ በየ3 ወሩ ማጽዳት ይገባል፤ ሐረር ላይ ፎቅ ላይ ላለ ቢሮ 6 ወር ይበቃል።

አሁን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሥራ ሙቀቱን ደግመሽ ለኪና ከወረቀትሽ ጋር አስተያዪ። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ጨርሰሻል። አሁንም ከ90 በላይ ከሆነና ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ከሆነ ፔስቱ ደርቆ ይሆናል፣ ይቀየር። ፋኑ እየተንገዳገደ ወይም እየፈጨ ከዞረ ቡሽው አልቋል፤ ዘይት አትጨምሪበት፣ የሞዴሉን ቁጥርና የገመዱን ቀዳዳ ብዛት አይተሽ ተመሳሳዩን ግዢ።