መጀመሪያ ፔዳሉን አትርገጥ

ወንድሜ፣ «15 ዓመት የቆመ የድሮ ሞተር ሳይክል አዲስ ባትሪ ገጥሜ ብረግጠው ይነሳል ወይ?» ላልከው፣ እባክህ አሁን አትርገጠው። ሲሊንደሩ ውስጥ ዝገት ካለ የፒስተኑ ቀለበቶች ግድግዳውን ይፍቁታል፤ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍታና በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረህ አሳድረው። በማግስቱ ካንዴላው እንደተፈታ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባና የኋላ ጎማውን በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። እምቢ ካለ አታስገድደው፤ ዘይት ደግመህ ታገሥ።

ዋናው ጣጣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ነው። ቤንዚን ለዓመታት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይቀራል፤ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች የሚደፍነው እሱ ነው። ፈታትተህ በካርቡሬተር ማጽጃ እጠበው፣ በአየር ግፊት ንፋው። በሽቦ ግን እንዳትጎረጉር! ቀዳዳዎቹ ያሉበት ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የቤንዚኑ መጠንም ይዛባል። ታንኩ ውስጡ ከዛገ ደግሞ እሱን ሳታጸዳ ካርቡሬተር ማጠብ ከንቱ ድካም ነው።

የሞተር ዘይቱን ቀይር፣ አዲስ ቤንዚን ሙላ፣ ከዚያ ርገጠው። ቢነሳልህም ፍሬኑን ሳትፈትሽና ጎማዎቹን ሳትቀይር መንገድ አትውጣ፤ ጥርሱ ያላለቀ ጎማም ቢሆን ላስቲኩ በዕድሜ ይደርቃል። ካንዴላው ብልጭታ አልሰጥ ካለህ ጻፍልኝ፣ ያንን ለብቻው እናየዋለን።