በካንቶን ፌር ዙሮች መሃል 3 ቀን በፓንዩ፦ ምን ይታይ? በየትኛው ባቡር?

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለኦክቶበሩ ካንቶን ፌር ከባለቤቴና ከ8 ዓመት ልጄ ጋር ጓንዡ እሄዳለሁ። ሆቴላችን ፓንዩ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መሃል ያሉትን 3 ቀናት የት እናሳልፍ?»

ሰላም ወንድማችን። መጀመሪያ ቀኑን እንያዝ። ካንቶን ፌር፣ ጓንዡ ውስጥ የሚካሄደው ትልቁ የንግድ ትርኢት፣ በዙር የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ዙር ከኦክቶበር 15 እስከ 19፣ ሁለተኛው ከ23 እስከ 27 ነው፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያሉት 20፣ 21 እና 22 ናቸው። ቀኖቹ ጥሩ ናቸው። ከኦክቶበር 1 የሚጀምረው የቻይናዎች ረጅም በዓል አልፏል፣ ሰዉ ወደ ሥራው ተመልሷል። የኤፕሪሉን ፌር ለምታስቡ ደግሞ፦ ሦስተኛው ዙር ሜይ 1 ላይ ስለሚጀምር ከሠራተኞች ቀን በዓል ጋር ይገጥማል፤ በዚያን ሳምንት ሰልፉ ቀናችሁን ይበላዋልና የመዝናኛውን ነገር ከዚያ በፊት ጨርሱት።

ምክሬ ይህ ነው፦ ቺሜሎንግ ለሚባለው የመዝናኛ ፓርክ 1 ቀን ብቻ ስጡት፣ ሁለቱን ቀን ለድሮዋ ፓንዩ አውሉት። ፓርኩ የ2 እና የ3 ቀን ጥቅል ትኬት ስለሚሸጥ ብዙ ቤተሰብ ጊዜውን በሙሉ እዚያው ይጨርሳል። ፓንዩ ግን የጓንዡ ክፍለ ከተማ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2000 ይሁን እንጂ ስሟ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ214 ጀምሮ የነበረ አሮጌ አገር ናት። ሻዋንና ዩዪን የሚባሉትን ቦታዎች ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል።

ባቡሩን እንረዳ። ዋናው መስመር 3 ነው። ከፌሩ ስትመጡ ከፓዦ ጣቢያ በመስመር 8 ኬጹን ድረስ ሄዳችሁ ወደ መስመር 3 ቀይሩ። ሺያዎቤይ አካባቢ ያረፈ ሰው ደግሞ በመስመር 5 እስከ ዡጂያንግ ሺንቼንግ ሄዶ እዚያ ወደ 3 ይቀይራል። የድሮ መመሪያዎች «ወደ ፓንዩ አደባባይ የሚሄደውን ያዙ» ይላሉ፤ መስመሩ በ2024 መጨረሻ ስለተራዘመ ዛሬ ምልክቱ ላይ የምታዩት የመጨረሻ ጣቢያ ሃይባንግ ነው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ሺቺያዎ እና ሺቺ የተለያዩ ጣቢያዎች ናቸው። ሺቺያዎ በመስመር 3 ላይ ያለች የፓንዩ መሃል ከተማ ናት፤ ሺቺ በመስመር 4 ላይ በምሥራቅ በኩል ነው። ለታክሲ ሹፌር በአፍ ብቻ ከነገራችሁት ሊምታታበት ይችላል። የምትሄዱበትን ስም ሁሉ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ በቻይንኛ እንድትጽፍላችሁ አድርጉና ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን የቺሜሎንግ ሳፋሪ ይሁን። ጣቢያው ሀንሺ ቻንግሎንግ ነው፤ «ቻንግሎንግ» ማለት ቺሜሎንግ ማለት ነው። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ቺሜሎንግ በሁለት ከተማ አለ። የዓሣ ነባሪና የፔንግዊን ፎቶ ያለበት «ኦሽን ኪንግደም» ያለው ጓንዡ ሳይሆን ዡሃይ ነው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የዚያን ትኬት ገዝቶ ጓንዡ በር ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ጓንዡ ውስጥም ሳፋሪው፣ የሮለርኮስተር ፓርኩ፣ የውሃ ፓርኩ እና የማታው ሰርከስ ለየብቻ ትኬት አላቸው። እናንተ የምትፈልጉት ሳፋሪውን ብቻ ነው፤ ለአዋቂ ወደ 300 ዩዋን፣ በበዓል ከዚያ በላይ ያስቆርጣል። ትኬቱ በፓስፖርት ቁጥር ስለሚቆረጥ ዋናውን ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። የልጅ ዋጋ በቁመትም በዕድሜም ሊታይ ስለሚችል ልጅህ ረዘም ያለ ከሆነ ከመክፈልህ በፊት ደንቡን ተመልከት።

በሩ 9:30 (በእኛ 3:30) ላይ ሲከፈት ግቡና በቀጥታ ወደ ፓንዳዎቹ ሂዱ። ጓንዡ በኦክቶበርም ሞቃት ናት፤ ፓንዳ ሙቀት አይወድም፣ ቀኑ ሲገፋ ቤት ገብቶ ይተኛል። ልጁ እንዲያየው የምትፈልጉት ቀርከሃውን በሁለት እጁ ይዞ ሲበላ ነው፣ ያ የጠዋት ነገር ነው። በ2014 ጁላይ እዚህ የተወለዱት ሦስት መንትዮች፣ ሦስቱም በሕይወት ያደጉ በዓለም የመጀመሪያዎቹ የፓንዳ መንትዮች ናቸው። ከዚያ ኮዋላና ነጭ ነብር። ለቀጭኔና ለሜዳ አህያ ብዙ ጊዜ አትስጡ፣ እነሱን አገራችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ሳፋሪው ሁለት ክፍል ነው፦ በእግር የሚዞሩበትና በመኪና የሚያልፉበት። በራስ መኪና መግባት የሚቻለው የቻይና መንጃ ፈቃድ ላለው ነው፤ ቻይና ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አትቀበልም። ለሌላው ሰው ትንሿ ባቡር አለች። የሰልፉ ጫና ከምሳ በኋላ ስለሆነ ፓንዳዎቹን እንዳያችሁ ወደ ባቡሯ ሂዱ። የእግሩ ክፍል ሰፊ ነው፣ ልጅ ይደክማል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ብትወጡ ምንም አይቀርባችሁም።

ሁለተኛው ቀን ወደ ደቡብ፣ ባዎሞ እና ሻዋን። ሁለቱም ከሜትሮ ራቅ ስለሚሉ በሺቺያዎ ወርዳችሁ ታክሲ ያዙ። ባዎሞን አስቀድሙ፤ ይርቃል፣ አመሻሽ ላይም ከዚያ መኪና መጥራት ጊዜ ይወስዳል። የአትክልት ቦታው በፍትሐዊነቱ ስሙ የቀረውን የሶንግ ዘመን ዳኛ ባዎ ዠንግን ለማሰብ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው በ1950ዎቹ ፈርሶ የዛሬው ከ1995 ጀምሮ ነው የተገነባው፤ ስለዚህ ጥንታዊ ሕንፃ ፈልጎ የሚሄድ ቅር ይለዋል። የእጅ ሥራውን ለማየት ግን ይሂድ። መግቢያው አካባቢ ያለው የጡብ ቅርጽ ግድግዳ ከ22 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ከ30,000 በላይ ግራጫ ጡብ ገብቶበታል፤ ከ600 የሚበልጡ ወፎች ተቀርጸውበታል። ልጁን «ስንት ወፍ ቆጠርክ?» ብትሉት ግማሽ ሰዓት ታርፋላችሁ። መግቢያው 50 ዩዋን አካባቢ ነው፣ 2 ሰዓት ይበቃል።

ሻዋንን ከምሳ በኋላ ድረሱበት፣ ከ800 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መንደር ነው። መንገዱን መዞር በነፃ ነው፤ ለቤተ ዘመድ አዳራሾቹ አንድ የጋራ ትኬት አለ። ዋናው አዳራሽ የኸ ቤተሰብ ልዩገንግታንግ ነው፦ መጀመሪያ የተሠራው በ1275፣ የዛሬው ቅርጹ የ1700 ነው፣ 112 ምሰሶ አለው። ከአዳራሹ ይልቅ ግን ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ያለውን ግድግዳ ቀርባችሁ እዩ። ኦይስተር ከሚባለው የባሕር ፍጥረት ዛጎል የተሠራ ነው። ዛጎሎቹ ወደ ታች ዘንበል ብለው ተደርድረዋል፣ ዝናብ ሲመታቸው ውሃው ይንሸራተታል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ድንጋይ ብርቅ በሆነበት የወንዝ ደለል አገር የተገኘ ብልሃት ነው። የዛጎሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ልጁ እጁን እየጎተተበት እንዳይሮጥ ጠብቁት።

አሁን ወደ ምግቡ። ሻዋን የምትታወቀው በዝንጅብል በረጋ ወተት ነው፣ ጂያንግ ዥዋንግ ናይ ይሉታል። እርጎ ይመስላል፣ አይኮመጥጥም፣ ለስላሳና ጣፋጭ ሆኖ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ያሞቃል። አሠራሩን በሩ ላይ ቆማችሁ እዩት፤ ያረጀ ዝንጅብል ተፈጭቶ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ሳህን ሥር ይገባል። የጎሽ ወተት ከስኳር ጋር ይፈላና ወደ 70 ዲግሪ ሲወርድ በአንድ ጊዜ ከላይ ይገለበጥበታል። ከዚያ ማንም አይነካውም። በጥቂት ደቂቃ ይረጋል፣ ማንኪያ ብታስቀምጡበት አይሰምጥም። የሚያረጋው ዝንጅብሉ ውስጥ ያለ ኤንዛይም ነው። ወተቱ በጣም ከሞቀ ኤንዛይሙ ይሞታል፣ ከቀዘቀዘ አይሠራም፤ ለጋ ዝንጅብል ወይም ውሎ ያደረ ጭማቂም አቅም የለውም። ቤታችሁ ስትሞክሩት የማይረጋላችሁ ብዙውን ጊዜ ከነዚህ በአንዱ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ሻዋንን በሌላ ቀን ያድርጋት፣ ሳይቀምሱ መመለስ ይከብዳል።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ዩዪን ሻንፋንግ። ከሀንሺ ቻንግሎንግ በታክሲ ቅርብ ነው፣ መግቢያው ከ20 ዩዋን በታች። ከጓንግዶንግ 4 ታዋቂ የድሮ የአትክልት ቤቶች አንዱ ሲሆን ግንባታው በ1864 ተጀምሮ በ1871 አልቋል። ጠቅላላ ስፋቱ 1,598 ካሬ ሜትር ብቻ መሆኑን ሳታውቁ ብትገቡ አታምኑም። ባለቤቱ ቦታው ጠባብ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ መንገዱን እያጠማዘዘ፣ በኩሬና በተሸፈነ ድልድይ እየከፈለ አሰፋው። ወፒያዎ ሉ በምትባለው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ባለ ቀለም መስታወት መስኮት አለ። በሰማያዊው ስታዩ ግቢው በረዶ የጣለበት ይመስላል፤ መስታወቶቹን ስትደርቡ ደግሞ ቅጠሉ ቀልቶ የመጸው ወራት ይሆናል። ልጁን አቅፋችሁ በየቀለሙ አሳዩት። በ8 ማዕዘን የተሠራውን የውሃ ላይ ቤትም ዞራችሁ እዩ፣ ከእያንዳንዱ መስኮት የሚታየው ሌላ ነው። ከ4 ሰዓት (በእኛ) በፊት ድረሱ፣ የጉብኝት አውቶቡስ ከመጣ ያች ጠባብ ግቢ ትታፈናለች።

ለከሰዓት ምርጫ አላችሁ። ለልጁ የጓንግዶንግ ሳይንስ ማዕከል ይሻላል፤ በ2008 የተከፈተ፣ በእጅ እየተነካ የሚሞከር ብዙ ነገር ያለበት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ባሉበት ደሴት ላይ ስለሆነ ዳሹዌቸንግ ናን (ደቡብ) በሚባለው ጣቢያ ወርዳችሁ ትሄዳላችሁ። ሰኞ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ካላንደር ላይ እዩና ይህ ቀን ሰኞ ላይ ከዋለ ቅደም ተከተሉን ቀያይሩት። ልጁን ትታችሁ ሁለታችሁ ብቻ ብትሆኑ ሊያንኋሻን የሚባለውን የሎተስ ተራራ እመርጥላችሁ ነበር፦ ከ2,000 ዓመት በፊት የተጀመረ የቀይ ድንጋይ ካባ ነው፣ ገደሎቹ በሙሉ በሰው እጅ የተቆረጡ ናቸው። አናቱ ላይ የ1612 ማማ አለ፣ ወደ ወንዙ በኩል ደግሞ 40.88 ሜትር ከፍታ ያለው በወርቅ የተለበጠ የጓንዪን (የቡድሂስቶች የምሕረት እመቤት) ሐውልት። በመስመር 3 ሃይባንግ ድረስ፣ ከዚያ በመስመር 4 አንድ ጣቢያ ወደ ሺቺ፣ ቀሪው በታክሲ። ደረጃው ብዙ ነው።

ክፍያን አዲስ አበባ ሳላችሁ ጨርሱ። አሊፔይ በሚባለው የቻይና የስልክ መክፈያ መተግበሪያ ላይ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርዳችሁን አያይዙ፣ ፓስፖርታችሁን አረጋግጡ። ማረጋገጫው ኮድ በስልክ መልእክት ስለሚላክ፣ ጓንዡ ደርሳችሁ የኢትዮጵያን ሲም አውጥታችሁ ከሆነ ኮዱ አይደርሳችሁም፣ ካርዱም አይያያዝም። በውጭ ካርድ ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ይቆረጣል፣ ከዚያ በታች አይቆረጥም። ታክሲ የምትጠሩበት ዲዲም አሊፔይ ውስጥ አለ። እንደ መጠባበቂያ የ10 እና የ20 ዩዋን ኖት ያዙ፤ ሱቁ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ግዴታው ቢሆንም ለ100 መልስ ላይኖረው ይችላል።

ጉግል፣ ዋትሳፕና ቴሌግራም በቻይና ሲም አይሠሩም፤ በሮሚንግ ወይም ከውጭ በተገዛ ኢሲም ይሠራሉ። ጉግል ማፕ ቢከፈትላችሁም አትመኑት፣ በቻይና ካርታው በመቶ ሜትሮች ይዛባል፤ አማፕ የሚባለውን ተጠቀሙ። ሃላል ለሚፈልግ «ቺንግዠን» የሚል አረንጓዴ ሰሌዳ ያላቸው የላንዡ ኑድል ቤቶች በየሰፈሩ አሉ። ለጾመኛ «ሱ ሺ» (ሥጋ የሌለበት ምግብ) ብሎ ማዘዝ ይረዳል፤ አትክልቱ ራሱ በአሳማ ስብ ሊጠበስ ስለሚችል «በዘይት ብቻ» የሚለውንም አጽፋችሁ ያዙ።

ኦክቶበር 23 ጠዋት ወደ ፌሩ ስትመለስ መስመር 3 የሥራ ሰዓት መጨናነቅ ላይ ነው፤ ናሙናና ካታሎግ ይዞ መግባት ያስቸግራል። ከ1 ሰዓት ተኩል (በእኛ) በፊት ተነሳ፤ ካልሆነ በሃይባንግ በኩል መስመር 4ን ይዘህ ዋንሸንግዌይ ውረድ፣ ከዚያ ፓዦ በመስመር 8 አንድ ጣቢያ ናት።