ጭብጨባው ለምን ይዘገያል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ «ሴከንድ ላይፍ» በሚባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ወደተዘጋጀ የሙዚቃ ምሽት ጋብዞኝ ነበር። ፕሮግራሙን ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ፣ በዚያ ዓለም የሚወክለኝን ምስል፣ ማለትም አቫታር መርጬ ገባሁ። ከባሕር አጠገብ በተሠራ መድረክ ላይ አንዲት ዘፋኝ ጊታር ይዛ ትጫወታለች፤ ታዳሚው ይደንሳል፣ በጽሑፍም ይጨዋወታል። አድናቆቴን ስጽፍላት ግን ስሜን ጠርታ ያመሰገነችኝ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታ ነው። የጣቶቿ እንቅስቃሴም ከጊታሩ ድምፅ ጋር አይገጥምም። ወንድሜ በቀጥታ የሚተላለፍ ነው ይለኛል፤ እኔ ደግሞ አስቀድሞ የተቀዳ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድምዎ ትክክል ናቸው፤ ማስረጃውንም እርስዎ ራስዎ ጽፈውልናል። አስቀድሞ የተቀዳ ዘፈን የታዳሚን ስም ጠርቶ አያመሰግንም። ዘፋኟ በዚያው ሰዓት ከማይክሮፎኗ ፊት ሆና ትዘፍን ነበር፤ ያሳሳተዎት የእርስዎ ጽሑፍና የእርሷ ድምፅ በተለያየ መንገድ መጓዛቸው ነው።

ሴከንድ ላይፍን ለሕዝብ የከፈተው መቀመጫውን በሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው ሊንደን ላብ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2003 ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ የሚጻፈው ሁሉና የአቫታሮች እንቅስቃሴ በኩባንያው ሰርቨሮች በኩል ስለሚያልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ የበለጠ አይፈጅበትም። ሙዚቃው ግን በዚያ በር አይገባም። ዘፋኟ ድምፅዋን ከቤቷ ኮምፒውተር ወደተከራየችው የስትሪም ሰርቨር፣ ማለትም ድምፅን በቀጥታ ለብዙ ሰው ወደሚያሰራጭ ኮምፒውተር ትልካለች፤ የመድረኩ ባለቤት ደግሞ የዚያን ሰርቨር አድራሻ በምናባዊው ዓለም ባለው መሬቱ ላይ ይመዘግበዋል፤ በዚያ መሬት ላይ የቆመ አቫታር ያለው ሰው ሁሉ ድምፁን በየኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ይቀበላል፤ ይህም የኢንተርኔት ሬዲዮ አሠራር ነው። ድምፁ ሲታመቅ፣ ሰርቨሩ ላይ ሲጠራቀም፣ ከዚያም እርስዎ ጋ እንዳይቆራረጥ እንደገና ሲጠራቀም ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ግማሽ ደቂቃ ይቆያል። መዘግየቱ የሁሉም እኩል አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ አጠገብዎ የሚደንሰው ሰው ያንኑ ስንኝ ከእርስዎ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሊሰማው ይችላል።

ስለዚህ ዘፋኟ የመጨረሻውን ኖታ ስትመታ የሚጠብቃት ጸጥታ ነው። ታዳሚው ዘፈኑን ገና እየሰማ ስለሆነ ጭብጨባው በጽሑፍ ሰሌዳው ላይ መታየት የሚጀምረው ሃያ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ጀማሪ በዚህ ጊዜ ይደነግጣል፤ ያልተወደደለት ይመስለዋል። የለመደ ግን ወይ ስለሚቀጥለው ዘፈን ያወራል፣ ወይ ጊታሩን ይቃኛል፣ ወይም በቀጥታ ወደሚቀጥለው ዘፈን ይገባና የበፊቱ ጭብጨባ ሲደርስ በሁለት ስንኞች መካከል «አመሰግናለሁ» ይላል። በእኔ አስተያየት የእነዚህ ሙዚቀኞች ዋና ሙያ ይህ ነው፤ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ምላሹን ሳይሰማ ሞቅታውን ጠብቆ ማቆየት የሚችል ግን ጥቂት ነው።

የጣቶቹ ነገር ቀላል ነው፤ አቫታሩ ጊታር የሚመታው አስቀድሞ በተዘጋጀ፣ ራሱን በሚደጋግም እንቅስቃሴ ስለሆነ ከድምፁ ጋር ግንኙነት የለውም።

ጥርጣሬዎ መሠረተ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ፎርትናይት በተባለው ጨዋታ ውስጥ ራፐሩ ትራቪስ ስኮት ባቀረበው ትርኢት ከ12 ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ተገኝተዋል፤ ያ ግን አስቀድሞ ተቀናብሮ የተዘጋጀ ነበር። በሴከንድ ላይፍ ግን በቀጥታ መጫወት የቆየ ልማድ ነው። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሱዛን ቬጋ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለአንድ የሬዲዮ ፕሮግራም በዚያ ተጫውታለች፤ በሴፕቴምበር 2007 ደግሞ የሊቨርፑል ሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የራሱ አዳራሽ አምሳያ በዚያ ዓለም ተሠርቶለት ኮንሰርቱን ለአቫታር ታዳሚዎች አስተላልፏል። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው፤ አንድ የሴከንድ ላይፍ ቦታ ከመቶ አቫታር ብዙም አይበልጥም፤ ሲሞላም መንቀራፈፍ ይጀምራል። አስተናጋጆቹ እንግዶች የተሸከሙትን ከባድ ጌጣጌጥ እንዲያወልቁ የሚለምኑት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሚለጠፉት የሴከንድ ላይፍ የሙዚቃ ዝግጅቶች ሰዓት ግራ ያጋባኛል። ኢንተርኔቴም በጥቅል የምገዛው ስለሆነ አንድ ምሽት ምን ያህል ዳታ ይበላብኛል?

አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በሴከንድ ላይፍ የሚሠራበት የካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። በእነርሱ አቆጣጠር እኩለ ቀን ላይ የሚጀምር ዝግጅት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ እነርሱ በኖቬምበር ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት። አሜሪካውያኑ በራሳቸው ምሽት፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ7 ሰዓት የሚያዘጋጁት ግን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ አለዚያም ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሚውል ለኢትዮጵያ ታዳሚ የሚመቹት ለአውሮፓ ምሽት የታሰቡት ናቸው።

ሙዚቃው ብቻውን ብዙ አይበላም፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚላክ ስትሪም ለአንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ጥቅሉን የሚጨርሰው በዙሪያዎ ያለው ሕንፃ፣ ልብስና ዛፍ ምስሉ ሁሉ ወደ ኮምፒውተርዎ መውረዱ ነው። የእይታ ርቀቱን ከማስተካከያው ዝቅ አድርገው አንድ ቦታ ቆመው ቢያዳምጡ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ማሲንቆ እጫወታለሁ። የለመድኩት ታዳሚው «ተቀበል» እያለ ግጥም ሲሰጠኝ እየተቀበልኩ መጫወት ነው። ይህ በዚያ ዓለም ይሆናል? ገንዘብስ ይገኝበታል?

አንባቢ፣ ከጀርመን

መልስ፦ ይሆናል፤ ሆኖም አቀባበሉን መለወጥ ያስፈልጋል። ታዳሚው የመጀመሪያውን ስንኝ ጽፎ፣ እርስዎ ሲዘፍኑት ሰምቶ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ልስጥ ካለ በመካከሉ ሃያ ሰከንድ ባዶ ይቀራል፤ የምሽቱም ግለት ይበርዳል። ስለዚህ ግጥሙን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይቀበሉ። ከዚህ የባሰው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፦ ግጥሙ በአደባባዩ የጽሑፍ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ ታዳሚው ሁሉ ከእርስዎ አፍ ሳይሰማው ያነበዋል፤ ወርቁ ከሰሙ ቀድሞ ይወጣል ማለት ነው፤ ሳቁም አብሮ ይከስማል። መፍትሔው ግጥም ሰጪዎች በግል መልእክት እንዲልኩልዎ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ስንኙን የሚያውቁት እርስዎና ሰጪው ብቻ ስለሆናችሁ ሌላው ታዳሚ እንደ አዝማሪ ቤት እንግዳ እስከ መጨረሻው ቃል ይጠብቃል። የግእዝ ፊደል በሁሉም ዘንድ በትክክል መነበቡን ግን አስቀድመው ይሞክሩ።

በዓለሙ ውስጥ ያለው የድምፅ መነጋገሪያ መዘግየቱ አነስተኛ ቢሆንም ለንግግር የተበጀ ስለሆነ ለማሲንቆ አይመከርም። የኮምፒውተርዎን ጩኸት መቀነሻም ያጥፉ፤ የጭራውን መፋተግ እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውንም ሙዚቃ ይዝጉ፤ አለበለዚያ ከሃያ ሰከንድ በፊት የተጫወቱትን እየሰሙ ምቱ ይጠፋብዎታል።

ገንዘቡ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ የመድረኩ ባለቤት የሚከፍልዎ አለ፣ ታዳሚው ከመድረኩ አጠገብ በሚቆመው የሽልማት ማሰሮ ውስጥ የሚጥልልዎም አለ። ክፍያው የሴከንድ ላይፍ የራሱ ገንዘብ በሆነው በሊንደን ዶላር ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር 250 ሊንደን ያህል ስለሚመነዘር 500 ሊንደን የሸለመዎ ሰው የሰጠዎ 2 ዶላር ገደማ ነው። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ለለመደ አዝማሪ ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የስትሪም ሰርቨሩን ወርሃዊ ኪራይ ከሸፈነ ግን ለጅምር በቂ ነው እላለሁ።

ዋሽንግተን ያለ ክራር ተጫዋች ጓደኛ ካለዎት አብራችሁ መጫወትም ትችላላችሁ። እርስዎ ድምፅዎን በቀጥታ ለእርሱ ይልካሉ፤ እርሱም የሰማውን ተከትሎ ክራሩን ይመታና ሁለቱን ደርቦ ለታዳሚው ያስተላልፋል። በጨዋታው ጊዜ እርስዎ እርሱን ስለማይሰሙት ምቱን የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለውጡበት።