ጥያቄዎቻችሁ፦ በየቤቱ የተቀዳ ሙዚቃ እንዴት አንድ ላይ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የትምህርት ቤት ባንድ አሠለጥናለሁ። በአንድ ቦታ መሰብሰብ ስላልቻልን በቪዲዮ ጥሪ አብረን ለመጫወት ሞከርን፤ ሙዚቃው እየተንቀራፈፈ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ሁሉም በየቤቱ ቀድቶ እንዲልክልኝ አደረግኩ። አንድ ላይ ሳስገባው ግን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ችግሩ ምን ላይ ነው? (የሙዚቃ መምህር)

መልስ፦ ልጆቹ ላይ አይደለም። መጀመሪያ የቪዲዮ ጥሪውን ነገር እንጨርስ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 10 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የሚጫወተው እርስዎ ጋ የሚደርሰው ወደ 30 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ምት ጠብቆ አብሮ መጫወት መክበድ የሚጀምረውም እዚያ አካባቢ ነው። የቪዲዮ ጥሪው መዘግየት 150 ሚሊሰከንድ ቢሆን ደግሞ ከ50 ሜትር በላይ ተራርቆ እንደመጫወት ነው። ከበሮ መቺው ጊታሩን ይጠብቃል፣ ጊታሩም ከበሮውን ይጠብቃል፣ እንዲህ እየተጠባበቁ ፍጥነቱ ይወርዳል። በዚያ ላይ መተግበሪያዎቹ የተሠሩት ለንግግር ስለሆነ ረዘም ያለ የፍሉት ድምፅ ሲመጣ የጀርባ ጫጫታ መስሏቸው ሊያፍኑት ይችላሉ። ጃክትሪፕ እና ጃሙለስ የሚባሉ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን በገመድ የተገናኘ ጥሩ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ተጫዋቾቹም በጣም መራራቅ የለባቸውም። ለአንድ ሙሉ ባንድ አልመክርዎትም።

ስለዚህ ለየብቻ መቅዳቱ ትክክለኛ መንገድ ነው። የጎደለው ልጆቹ እየሰሙት የሚጫወቱት መሪ ቅጂ ነው፤ ጋይድ የምንለው። መምህራን ብዙ ጊዜ ጉልበታቸውን የሚጨርሱት መጨረሻ ላይ፣ የተላከውን ሲጠጋግኑ ነው። እኔ ብሆን አብዛኛውን ጊዜዬን ጋይዱ ላይ አጠፋው ነበር። አንድም ልጅ ከመቅዳቱ በፊት ማለት ነው።

ጋይዱ ሲጀምር መቃኛ ድምፅ ይኑረው፤ 440 ኸርዝ የሆነውን፣ ላ የሚባለውን ኖታ በደንብ አስረዝመው ያሰሙ። ከዚያ በራስዎ ድምፅ ሁለት ሙሉ ባር (ሙዚቃው የሚከፈልበት የምት ክፍል) ይቁጠሩ። በመጨረሻው ቁጥር ላይ ሁሉም ልጅ ቅጂው ውስጥ አንዴ ያጨብጭብ። ያቺ ጭብጨባ ኮምፒውተር ላይ ሹል ሆና ስለምትታይ ቅጂዎቹን በእሷ ያስተካክላሉ። ለዚህ ነፃው ኦዳሲቲ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ክሊኩ፣ ማለትም ምቱን እኩል እኩል የሚያሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ፣ ይቀጥላል፣ ከሥሩ ፒያኖ ይኑር። እርስዎም መሐል እየገቡ ያውሩ፦ «ትንፋሽ ውሰዱ»፣ «አሁን ትራምፔት»፣ «እዚህ ቀስ»። ሙዚቃው የሚቀዘቅዝበት ወይም ፌርማታ (ኖታውን ረዘም አድርጎ የመያዝ ምልክት) ያለበት ቦታ ላይ ክሊኩ ብቻውን አያዋጣም፤ በድምፅዎ እየቆጠሩ ያሻግሯቸው።

ሌላው ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲቀዱ አያድርጉ። መጀመሪያ ከበሮ እና ቤዝ ይቅዱ። እነሱን ከጋይዱ ጋር ቀላቅለው ለሚቀጥሉት ይላኩ፣ የእነዚያን ደግሞ ለሚቀጥሉት። በክሊክ ብቻ የተጫወተ ልጅ ምቱን ባይስትም አጨዋወቱ ድርቅ ይላል። የጓደኛውን ከበሮ እየሰማ ሲጫወት ግን ለጓደኛው መልስ ይሰጣል። ያ ደግሞ ሚክስ ላይ፣ ቅጂዎቹ ሲቀላቀሉ፣ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም። ጊዜ ይወስዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጆቹ ባንድ ውስጥ የገቡት ለመደማመጥ ነውና ይሄ እንዳይቀርባቸው።

ማዳመጫው በገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያም በላይ ሊያዘገይ ይችላል፣ መጠኑም እንደ ዕቃው ይለያያል። አንዱ ቀድሞ ሌላው የዘገየብዎት አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ስለሚችል ልጆቹን ይጠይቋቸው። ጋይዱ በአንድ መሣሪያ ይጫወት፣ ቀረጻው በሌላ ይሁን። ሲልኩልዎም እንደ ተራ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ መልእክት መላኪያው ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? የትምህርት ቤታችን ኳየር (የመዘምራን ቡድን) ውስጥ አልቶ ነኝ፤ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ እዘፍናለሁ። ብቻዬን ቀድቼ እንድልክ ተነግሮኛል። ስንት ጊዜ ቀዳሁት፣ ስሰማው ግን ድምፄ ያስጠላኛል። አንዳንዴም ከፍ ስል ይሰነጠቃል። ምን ላድርግ? (ተማሪ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ድምፅሽ አላስጠላም። ስትዘፍኚ ራስሽን የምትሰሚው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅልሽ አጥንት በኩልም ጭምር ነው፤ ስልክ ግን የአየሩን ብቻ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የራሱን ቅጂ ሲሰማ ይደነግጣል። ደግሞም ኳየር ውስጥ የማይሰማ ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቻሽን ስትሆኚ ገዝፎ ይሰማል። የኳየር ድምፅ ሙሉ የሚሆነው ሁሉም ትክክል አንድ ዓይነት ስለሆኑ አይደለም፤ በጥቂቱ የሚለያዩ ድምፆች ስለሚዋሃዱ ነው። ኤሪክ ዊታከር የሚባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ12 አገሮች የተውጣጡ 185 ሰዎች በየቤታቸው ቀድተው የላኩትን አንድ ኳየር አድርጎታል። ለእነሱም መሪያቸው እሱ እጁን እያወዛወዘ ሲመራ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። በ2020 ደግሞ ቁጥሩ ከ17 ሺህ አለፈ። ያ ሁሉ ሰው በየክፍሉ ብቻውን ቆሞ ነው የዘፈነው።

የሚሰነጠቀው ስልኩ በጣም ስለሚቀርብሽ ይመስለኛል። አንድ ሜትር ያህል ራቂው፣ ከዚያ የዘፈኑን በጣም ከፍ ያለ ቦታ ብቻ ዘፍነሽ ሞክሪ። እሱ ካልተሰነጠቀ ሌላው አያሰጋም። መጋረጃ፣ አልጋ፣ የተሰቀለ ልብስ ያለበት ክፍል ምረጪ፤ ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ያስተጋባዋል። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮሽ ብቻ አድርጊ፣ በሌላው ራስሽን ስሚ። ጆሮሽ ላይ ያልሆነውን የማዳመጫውን ጎን ግን በእጅሽ ሸፍኚው፣ ክሊኩ ከዚያ ሾልኮ ይቀዳል።

«ስ» ወይም «ት» ላይ የሚያልቁ ቃላት ካሉ መምህራችሁን ጠይቂ። ሁሉም በየራሱ ጊዜ ሲዘጋው ሚክስ ላይ ተደጋግሞ ስለሚሰማ፣ ጥቂቶች ብቻ እንዲሉት ሌላው እንዲተወው መስማማት ይሻላል።

ሦስት ጊዜ ቅጂ፣ የተሻለውን ላኪ፣ በቃ። ሃያኛው ላይ ድምፅሽ ደክሞት ከመጀመሪያው ይብሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ፊቷ እንዲታይ አትፈልግም። ከቡድኑ ያስወጣታል? (ወላጅ)

መልስ፦ ሊያስወጣት አይገባም። ድምፅዋ ብቻ ይግባ፣ በቪዲዮው ላይ የመሣሪያዋ ወይም የእጆቿ ምስል ሊተካ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ምንም ነገር ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊትም የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፣ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ልጅ የላከው በምንም መንገድ ከምቱ አይገጥምም። ሳልነግረው የእሱን ከቪዲዮው ባስወጣው ይሻላል? (ሌላ መምህር)

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ልጁ ቪዲዮው ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ራሱን ነው። ከሙሉው ቅጂ ቢያንስ ስምንት ባር ያህል የገጠመ ቦታ አያጡም፤ ያንን ያስገቡለት፣ ሌላው ላይ ድምፁን ይቀንሱት። ጊዜ ካለዎት ደግሞ ይደውሉለትና ጋይዱን ቀስ ባለ ፍጥነት አዘጋጅተው አንዱን ክፍል ብቻ ደግሞ እንዲቀዳ ያድርጉ። ምን አስቸገረው የሚለውንም ይጠይቁት፤ ምናልባት ማዳመጫ የለውም ይሆናል።