ኢጎር የሚባል ጎባጣ ረዳት ነበር እንዴ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ድሮዎቹ የእብድ ሳይንቲስት ፊልሞች፣ በተለይም ከሬሳ ቁርጥራጭ ፍጡር ስለሚሠራው ዶክተር ፍራንከንስታይን፣ ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ ስለ ዶክተሩ የጠየቀ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ታይተው ስለሚጠፉት ሰዎች ነው። እኔም ልቤ ያለው እነሱ ጋ ነው። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«በ1931ዱ ‹ፍራንከንስታይን› ላይ ያለው ጎባጣ ረዳት ኢጎር አይደል? ጓደኛዬ አይደለም ብሎ ድርቅ አለብኝ።»

ጓደኛህ ልክ ነው። የዚያኛው ስም ፍሪትዝ ነው። ኢጎር የመጣው በ1939 በወጣው «የፍራንከንስታይን ልጅ» ላይ ነው። እሱም ቢሆን ጎባጣ አይደለም፤ ተሰቅሎ ሳይሞት የተረፈ፣ አንገቱ የተሰበረ አንጥረኛ ነው። የተጫወተው ቤላ ሉጎሲ ነው። ሰው ከጊዜ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቀላቸው። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ረዳት ጭራሽ የለም። ሳይንቲስቱ ቪክተር ፍራንከንስታይን ብቻውን ነው የሚሠራው። ፍሪትዝ የተፈጠረው በ1823 ለንደን ውስጥ በታየ ቲያትር ነው።

ፊልሙ ላይ ፍሪትዝን በደንብ እየው። ጤነኛውን አንጎል ሊሰርቅ ገብቶ፣ ድንገት በሰማው ድምፅ ደንግጦ ብልቃጡን ይጥለዋል። የወንጀለኛውን ይዞ ይሄዳል። በኋላ ደግሞ የታሰረውን ፍጡር በችቦ ያሰቃየዋል። ሲናቅ የኖረ ሰው ከሱ የባሰ ደካማ ሲያገኝ የሚያደርገው ነው። ዶክተሩ ይህን እያየ «ተወው» ከማለት በቀር ምንም አያደርግም። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ነው።

«ፍሪትዝን የተጫወተው ማነው? ሌላ ፊልም ላይ ያየሁት መሰለኝ።»

ድዋይት ፍራይ ይባላል። ያየሽው በዚያው ዓመት በወጣው «ድራኩላ» ላይ፣ የድራኩላን አገልጋይ ሬንፊልድን ሆኖ ነው። «ፍራንከንስታይን» ላይ ደግሞ በደረጃው ላይ ሲሄድ መሀል ላይ ቆም ብሎ ካልሲውን ሽቅብ ይጎትታል። አንድ ሰከንድ ነው፣ ግን ፍሪትዝ ሰው ሆኖ ይታይሻል። ፍራይ በ1943፣ ገና በ44 ዓመቱ አረፈ።

«የምትጮኸው ሴትዮ አልበዛችም?»

በ1935ቱ ተከታይ ፊልም፣ «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ላይ የቤት ሠራተኛዋን የተጫወተችውን ዩና ኦኮነርን ነው የምትለው። ለእኔ አልበዛችም። ሌሎቹ እንደ ሞኝ ቢያዩዋትም፣ አደጋውን በትክክል ያየችው እሷ ነች።

«ሐይቁ ዳር ያለችው ልጅ ትዕይንት እኔ ባየሁት ቅጂ ድንገት ይቋረጣል። ለምን?»

ስለተቆረጠ ነው። ፊልሙ በ1930ዎቹ ድጋሚ ሲወጣ ፍጡሩ እጁን ወደ ማሪያ ሲዘረጋ ያለው ክፍል ወጣ። የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። መቁረጡ ነገሩን አባሰው፤ ተመልካቹ ከዚያ የከፋ ነገር እንዲያስብ አደረገው። በሙሉው ቅጂ ሁለቱ አበባ ውሃ ላይ እየጣሉ ይጫወታሉ። አበባው ሲያልቅበት ልጅቷን አንስቶ ይወረውራታል። እሷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ነው! ከዚያ አባቷ አስከሬኗን ታቅፎ፣ ለሰርግ በሚጨፍር ሕዝብ መሀል ያልፋል። ጭፈራው ይቆማል።

«ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ሁሌ ያስለቅሰኛል። እኔ ብቻ ነኝ?»

ብቻሽን አይደለሽም። በዚያው «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» ላይ ያሉት አባት ጫካ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የቫዮሊናቸው ድምፅ ነው ፍጡሩን ወደ ቤታቸው የሳበው። ስለማያዩት አይፈሩትም። ያበሉታል፣ አስተኝተው ወዳጅ ስለላከላቸው አምላክን ያመሰግናሉ። በፍጡሩ ጉንጭ ላይ እንባ ይወርዳል።

የፈጠረው ሳይንቲስት ስም እንኳ አላወጣለትም። ቃል ያስተማሩት እኚህ ምስኪን ናቸው፦ ዳቦ፣ ጥሩ፣ ጓደኛ። እሳትም ጥሩ ሊሆን እንደሚችል ይነግሩታል፤ በችቦ ለተሰቃየ ፍጡር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ሁለት አዳኞች መንገድ ጠፍቷቸው ይገባሉ። ዓይናቸው ያያልና ጠመንጃ ያነሳሉ። ጎጆው በእሳት ይያያዛል፤ ሽማግሌውን ይወስዷቸዋል። ፍጡሩ «ጓደኛ» እያለ ይፈልጋቸዋል።