ለምረቃ ጥቂት ሲቀር ክፍያ ያጠረው ተማሪ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፉት ሳምንታት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ልጆቻቸውን በአሜሪካ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሚያስተምሩ ወላጆች፣ ጥቂቶቹም ከተማሪዎቹ ከራሳቸው የተላኩ ናቸው። ጊዜ የማይሰጠውን ጥያቄ አስቀድሜ፣ ሌሎቹን በተከታታይ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ጆርጂያ ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ዘንድሮ 1,140 ዶላር ጎደለብንና በወቅቱ ባለመክፈላችን ከተመዘገበባቸው ኮርሶች ሰረዙት። እሱ አሁን «አንድ ዓመት ልሥራና እመለሳለሁ» ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ከሥራ ቅጥር በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲው ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ዕርዳታ) ቢሮ ይሂድ፤ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን እንዳይጥል እሰጋለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ኮሌጅ የክፍያ መስኮት ላይ እሠራ ነበር። ሦስት ኮርስ ብቻ የቀራት አንዲት ተማሪ የ740 ዶላር ዕዳዋን የሚያሳየውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ በመስታወቱ ሥር ስታቀብለኝ፣ እኔ የነገርኳት የመክፈያውን የመጨረሻ ቀን ብቻ ነበር። በዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለእንዲህ ያለው ችግር የተመደበ ገንዘብ መኖሩን ያወቅሁት እሷ ከሄደች ከወራት በኋላ ነው። ተመልሳ ስትመዘገብ አላየኋትም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። በመላው አሜሪካ ኮሌጅ ጀምረው ያለ ዲግሪና ያለ ሰርተፍኬት የቀሩ፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ከ36 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሲወጡ እንደ ልጅዎ «እመለሳለሁ» ያሉ ይመስለኛል።

ሊጠይቅ የሚገባው ነገር ኮምፕሊሽን ግራንት የሚባለው የማጠናቀቂያ ድጋፍ ነው። ይህ ድጋፍ በስፋት የታወቀው እዚያው እናንተ ዘንድ፣ አትላንታ በሚገኘው በጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየሴሚስተሩ ብዙ ተማሪዎችን ክፍያ ባለማሟላታቸው ከምዝገባ ይሰርዝ ነበር፤ ከተሰረዙት መካከል ውጤታቸው ጥሩ ሆኖ ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የጎደላቸው ብዙዎች መሆናቸውን ሲያይ፣ በ2011 ፓንተር ሪቴንሽን ግራንት የተባለውን ድጋፍ ጀመረ። የድጋፉ ጣሪያ 2,500 ዶላር ሲሆን ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው በአማካይ 900 ዶላር ገደማ ነው። ከሁሉም በላይ የወደድኩት አሰጣጡን ነው፦ ተማሪው ማመልከቻ እስኪያስገባ አይጠበቅም፤ ሠራተኞቹ የሒሳብ መዝገቡን ተመልክተው ራሳቸው ይደውሉለታል፣ ገንዘቡም በቀጥታ በዕዳው ላይ ይታሰባል፣ እሱም በምላሹ ስለ ገንዘብ አያያዝ ምክር ለመውሰድና ቀሪ ኮርሶቹን በዕቅድ ለመጨረስ ይስማማል።

የጆርጂያ ምክር ቤትም በ2022 ይህንኑ ሐሳብ በስቴቱ ላሉ ሌሎች ኮሌጆች የሚያዳርስ ሕግ አወጣ። ሕጉ ሲወጣ ከፕሮግራሙ 80 በመቶውን ያጠናቀቀና የገንዘብ ጉድለት ያለበት ተማሪ እስከ 2,500 ዶላር እንዲያገኝ ይፈቅድ ነበር፤ መስፈርቱ ሊሻሻል ስለሚችል የዘንድሮውን ከቢሮው ያረጋግጡ። ስለዚህ ልጅዎ በአካል ይሂድ፤ የድጋፉን ስም ጠርቶ ይጠይቅ፤ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የዕርዳታ ማመልከቻ ካልሞላ ዛሬውኑ ይሙላ። የቤተሰቡ ገቢ ፋፍሳ ከሚመለከተው የግብር ዓመት ወዲህ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ ካጣችሁ፣ ይህንኑ በማስረጃ አስደግፎ ዕርዳታው እንደገና እንዲሰላለት መጠየቅ መብቱ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን የፌዴራል ዕርዳታ፣ ፔል ግራንትን፣ ሲወስድ ከነበረም በዕድሜ ልክ ከ12 ሴሚስተር በላይ እንደማይሰጥ ያስታውሱ፤ አንዳንድ ተማሪዎች ልክ መጨረሻው ላይ የሚያጥራቸው ይህን ጣሪያ ስለሚነኩ ነው።

ጥያቄ፦ ግብር እንከፍላለን፤ ዩኒቨርሲቲውም የመንግሥት ነው። ታዲያ ትዩሽን (የትምህርት ክፍያ) በየጊዜው የሚጨምረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ያለው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ይልቅ በስቴቱ ምክር ቤት ነው። የ1862ቱ የሞሪል ሕግ የፌዴራል መሬት ለስቴቶች ሰጥቶ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ቢያደርግም፣ ለዕለት ተዕለት ሥራቸው የሚያስፈልገውን ገንዘብ የመመደቡ ሸክም በዋናነት ያረፈው በስቴቶች ላይ ነው። ከጥቂት በስተቀር ስቴቶች ደግሞ እንደ ፌዴራል መንግሥት እየተበደሩ በጀት ማጉደል አይፈቀድላቸውም፤ የዓመቱ ገቢ ሲቀንስ በዚያው ዓመት አንድ ነገር መቆረጥ አለበት። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በስቴቱ ሕገ መንግሥት የታሰረ ግዴታ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድ፣ ሕሙማንን ማሳከም አያቆምም፤ እስር ቤትም አይዘጋም። ዩኒቨርሲቲ ግን ከተማሪ ማስከፈል ስለሚችል፣ ሕግ አውጪዎች እጃቸውን መጀመሪያ የሚዘረጉት ወደ እሱ ነው።

ይህ ከሁሉም ጎልቶ የታየው ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስቴቶች ለአንድ ተማሪ የሚመድቡት ገንዘብ፣ የዋጋ ንረት ሲታሰብ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ቀነሰ። ሥራ ያጡ ሰዎች ወደ ትምህርት ስለተመለሱ የተማሪው ቁጥር ያደገውም በዚሁ ጊዜ ነበር፤ እንጀራው ሲያንስ ተመጋቢው በዛ ማለት ነው። ልዩነቱ በትዩሽን ተሞላ። ኢኮኖሚው ካገገመ በኋላ በጀቱ ቀስ በቀስ ቢመለስም፣ የተጨመረው ትዩሽን ግን በአብዛኛው በነበረበት ቀረ። በዚህ ጉዳይ የእኛ ማኅበረሰብ ድምፅ አነስተኛ መሆኑ ያሳስበኛል፤ የስቴት ምክር ቤት አባል ቢሮ ሥራ የሚበዛበት በበጀት ወቅት ነው፤ ዜግነት ያላችሁ ወላጆች በዚያ ወቅት ስልክ ደውሉ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ለመጨረስ ለተቃረቡት ከሚሰጥ ለጀማሪዎች ቢሰጥ አይሻልም ወይ? ደግሞስ ጥቅሙ ተረጋግጧል?

መልስ፦ ስቴቱም ቤተሰቡም ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ከከፈሉ በኋላ ተማሪው በ900 ዶላር ምክንያት ቢወጣ፣ የቀደመው ወጪ ሁሉ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል። ስለዚህ ለድጋፉ እሟገታለሁ። ያም ሆኖ ማስረጃው ሁሉ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። በበርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በዕጣ ተለይተው ድጋፉን ያገኙና ያላገኙ ተማሪዎች ሲነጻጸሩ፣ በምረቃ መጠን ላይ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም፤ ወደ መጨረሻው የደረሱ ብዙ ተማሪዎች ያለ ድጋፉም ተበድረውም ሆነ ተጨማሪ ሰዓት ሠርተው ስለሚጨርሱ ይመስላል። እኔ ከዚህ የምረዳው ገንዘቡ በእርግጥ ሊወጣ ላለው ተማሪ በጊዜው መድረስ እንዳለበትና፣ ገንዘብ ብቻውንም እንደማይበቃ ነው።

ለጀማሪዎች የሚሆን ጥሩ አብነት ከፈለጉ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የጀመረውን አሳፕ የተባለ ፕሮግራም ይመልከቱ። በሁለት ዓመት ኮሌጆች ሙሉ ጊዜ ለሚማሩ ተማሪዎች ከዕርዳታ የተረፈውን ትዩሽን ይሸፍናል፣ ለመጽሐፍና ለባቡር ካርድ ይከፍላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪውን በስም የሚያውቅና ደጋግሞ የሚያገኘው አማካሪ ይመድባል። በዕጣ በተደረገው ጥናት በሦስት ዓመት ውስጥ የጨረሱት 40 በመቶ ሲሆኑ፣ ፕሮግራሙን ካላገኙት ግን 22 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ አማካሪ የሚቀጠረው በመደበኛው በጀት ነው፤ የማጠናቀቂያ ድጋፍ እየሰጡ መደበኛውን በጀት መቁረጥ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስቴቱ ለኮሌጆች የሚከፍለው በተመራቂ ቁጥር ነው ሲሉ ሰማሁ። ይህ ያልበቃውን ተማሪ ሁሉ ወደ ማሳለፍ አይወስድም?

መልስ፦ በሁሉም ስቴት እንደዚያ አይደለም፤ ብዙዎቹ ያለፈውን ዓመት በጀት መነሻ ያደርጋሉ፣ ወይም በተመዝጋቢ ቁጥር ያሰላሉ። ውጤትን መለኪያ በማድረግ ቀዳሚዋ ቴነሲ ስትሆን፣ ከ1979 ጀምሮ ጥቂቱን፣ ከ2010ሩ ሕግ ወዲህ ደግሞ አብዛኛውን የስቴት ድጎማ ከውጤት ጋር አያይዛለች። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ኮሌጆች ለመጨረስ የሚከብዳቸውን ተማሪዎች ገና በመግቢያው በር ላይ መሸሻቸው ነው። ቴነሲ ይህን ለመከላከል ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና በዕድሜ የገፉ ተማሪዎች ሲጨርሱ ለኮሌጁ ተጨማሪ ነጥብ ትሰጣለች።

ጥያቄ፦ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ዕዳ ጥላ ወጣች። ሌላ ኮሌጅ ልትገባ ብትፈልግ የቀድሞው ኮሌጅ ትራንስክሪፕቷን (የውጤት ማስረጃዋን) ከለከላት።

መልስ፦ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ተማሪዋ የፌዴራል ዕርዳታ ለተቀበለችባቸውና ክፍያቸው ለተሟላላቸው ሴሚስተሮች ኮሌጁ ትራንስክሪፕት መስጠት አለበት፤ ዕዳው ያለበትን ሴሚስተር ብቻ ሊያስቀር ይችላል። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ስቴቶች በዕዳ ምክንያት ትራንስክሪፕት መከልከልን በራሳቸው ሕግ አግደዋል። ጥያቄዋን በጽሑፍ ለኮሌጁ ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ታቅርብ፣ መልሱንም በጽሑፍ ትቀበል።

ጥያቄ፦ ልጄ ያገኘችው የማጠናቀቂያ ድጋፍ ግብር ይከፈልበታል?

መልስ፦ ለዲግሪ የምትማር ከሆነ፣ ለትዩሽን፣ ለግዴታ ክፍያዎችና ለሚያስፈልጉ መጻሕፍት የዋለው ግብር የለበትም። ለቤት ኪራይና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን የሒሳብ መግለጫ እስከ ግብር ወቅት ድረስ አስቀምጡት።